ለአቶ ዐቦኮር የሰጠሁት ቃል

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። ከገጽ አምስት ይጀምራል፤ የት እንደሚያልቅ አላውቅም፣ እኔ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነኝ። የሰጠኝ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ ይኖር የነበረ ራጉኤል የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ከሐምሌ 2010ሩ ግርግር በኋላ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ ሄደ። ድሮ የተጻፈ ታዋቂ ልቦለድ ነው፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሳይጨርሱት ያደንቁታል አለኝ።

ምክርም ጨመረልኝ። ባለቤት የሌለው ቃል ራስ ውስጥ አያድርም፤ ለእያንዳንዱ ከባድ ቃል የምታውቂውን ሰው ስጪው፣ ያን ሰው ባየሽ ቁጥር ቃሉ ይመጣልሻል አለ።

ስሜ ጥሩአየሁ ነው። ጅግጅጋ ተወልጄ አድጌ፣ እዚሁ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ሐርተሼክ ከተማ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት እንግሊዝኛ የሚያነብ መዝገብ ያዥ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና በምሳ ሰዓት መጽሐፉን ጀመርኩት። ደብተር አልገዛሁም። መዝገብ ቤት የተረፈ የደብዳቤ መከታተያ ቅጽ ሞልቶናል፣ ዓምዱም ተሠምሮ ያለቀ ነው። «ስም» በሚለው ሥር የቃሉን ባለቤት ጻፍኩ። «ጉዳዩ» በሚለው ሥር እንግሊዝኛውን። «ምርመራ» በሚለው ሥር የአማርኛ ፍቺውን። «የተፈጸመበት ቀን» በሚለው ሥር ደግሞ ቃሉን አጥንቼ የጨረስኩበትን ቀን፣ በቀይ እስክሪብቶ። እኛ ጋ ያለቀ ጉዳይ በቀይ ነው የሚዘጋው።

ክፋቱ መጽሐፉ ደግ መጽሐፍ አልነበረም። በየገጹ አንዱ በአንዱ ላይ ይዝታል፤ ያልዛተው ታስሯል። እስከ መቶ አሥራ ሁለት ድረስ ያገኘሁት አንድ ደግ ቃል «ቤኔቮለንት» ነው፣ ቸር ማለት፤ እሱን ሻይ ለምታፈላልን ለማርዎ ሰጠኋት። ሌላው ሰው የደረሰውን ወሰደ። ጸሐፊያችን ኢልዋድ ቀጭንና ረጅም ናት፣ አንገቷንም ወደ አንድ ወገን ጣል ታደርጋለች፤ «ጋሎውስ» ደረሳት፣ ፍቺውም መስቀያ። የጥበቃና ደኅንነት ኃላፊያችን አቶ ዐቦኮር በየስብሰባው «ንብረት እየጠፋ ነው» ስለሚሉ «ፔሪሽ» ሆኑ፤ መጥፋት፣ መሞት። የእሳቸው ቃል አልያዝ ብሎኝ ቀኑ ባዶ ነበር።

ጥር አጋማሽ ላይ ቅጹ ጠፋ።

መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ መደርደሪያውን ፈተሽኩ። መጽሐፉ አለ፣ ቅጹ የለም። ያን ቀን ያስተላለፍኳቸውን ማህደሮች በሐሳቤ ቆጠርኩና አንዱ ላይ ስደርስ መቁጠሩን አቆምኩ። የዘበኞች የዓመት ፈቃድ ማህደር። ወደ አቶ ዐቦኮር ነበር የሄደው።

ያኔ እንዴት እንኖር እንደነበር ለማያውቅ ሰው ልናገር። ሰው ሁሉ ስለ ስም ዝርዝር ያወራ ነበር። በሐምሌ እኔና እናቴ ሦስት ቀን ጎረቤታችን ቤት፣ እህል ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል፤ ስማችሁ ዝርዝር ላይ አለ ተብለን ነበር። ነገሩ ከበረደ በኋላ ደግሞ የሶማሌ ጎረቤቶቻችን በተራቸው ስማችን ዝርዝር ላይ አለ እያሉ ይሰጉ ጀመር። ዝርዝሩን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። አሁን ግን አንድ ነበር፣ በእጄ ጽሑፍ።

ሦስት ቀን ማንም ምንም አላለኝም። አቶ ዐቦኮር በመስኮቴ ሲያልፉ ድሮ «አባዮ» ይሉኝ ነበር፣ እህቴ እንደማለት። ሦስቱን ቀን ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ አለፉ። ቡና ቤት ስገባ ከተቀመጡበት ተነሡ። ማርዎ ሻይ ስታቀርብልኝ እንኳ ተቀብዬ አልጠጣሁትም።

በአራተኛው ቀን ኢልዋድ አንድ ደብዳቤ ይዛ መጣችና መስኮቴ ላይ ተደገፈች። አንገቷን እንደ ልማዷ ጣል አደረገች።

«ጥሩ፣ መስቀያ የሚለው የልብስ ነው የሰው?»

«የሰው» አልኳት። ምነው የልብስ ባልኩ።

«እኔም ስተይበው እንደዚያ ነው የጠረጠርኩት» አለችና ደብዳቤውን አቀበለችኝ።

ጉዳዩ፦ አጠራጣሪ የስም ዝርዝር ስለማሳወቅ ይላል። ለጸጥታ አካል የተጻፈ ነው። በቅርንጫፉ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ የተጻፈ፣ የአሥራ አራት ሠራተኞች ስም ያለበት፣ አሥራ ሦስቱ «ተፈጽሟል» የተባለበት ሰንጠረዥ ተገኝቷል ይላል። ተፈርሞበታል። የቀረው የወጪ ቁጥር ነው። የወጪ ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ።

ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ወረቀት በሙሉ ያለ እኔ ቁጥር ወረቀት ብቻ ነው፤ ቁጥር ከሰጠሁት ደብዳቤ ይሆናል። ማህተሙን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ብሰጠው ወደ እስር ቤት የምሄድበትን ቁጥር ራሴ መዘገብኩ። ባልሰጠው ማስረጃ ደበቀች ይባላል። ኢልዋድ ምን እንደምትመክረኝ ጠየቅኳት። ከፈረሙት ሰው ጋር ተነጋገሪ፣ እኔ ግን አላየሁሽም ብላኝ ሄደች። እንዳላየችኝ ለማሳየት ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

መጽሐፉን ከመሳቢያ አወጣሁና ደብዳቤውን ይዤ ወደ አቶ ዐቦኮር ቢሮ ሄድኩ። ቅጹ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። በሩን ከፍተው ተዉት፤ ወንበራቸውንም ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጉ። ተቀመጪ አላሉኝም።

ስለ ቃላቱ፣ ስለ ራጉኤል ምክር፣ ስለ ቅጹ ዓምዶች ተንተባተብኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ኢልዋድ ተፈጽማለች ይላል፣ ዛሬ ጠዋት ግን አይቻታለሁ አሉ። የተፈጸመው ቃሉ ነው፣ እሷ ደህና ናት አልኩ።

ጣታቸውን በስማቸው ላይ አሳርፈው ወደ ቀኝ ሄዱ። ባዶው ዓምድ ላይ ቆሙ።

«የእኔስ መቼ ነው?»

«የእርስዎ ቃል አልያዝ ብሎኝ ነው፣ ጌታዬ።»

መጽሐፉን ከእጄ ወስደው አገላብጠው መለሱልኝ። ከቅጹ አንድ ቃል ይጠሩልኛል፣ እኔ ገጹን እፈልጋለሁ። ጋሎውስ፣ ሠላሳ አንድ። ቤኔቮለንት፣ ሰባ ስምንት። ቅጠሉን ስገልጥ ጣቴ ላብ ሆኖ ወረቀቱ ይጣበቅብኛል። ፔሪሽን ዘጠና ላይ አገኘሁት፤ ከነመስመሩ አሳየኋቸው። ፊደል በፊደል ከቅጹ ጋር አስተያዩት። አሥራ አራቱንም አስፈለጉኝ፤ አንድም አልተዉም።

በመጨረሻ መጽሐፍ መሆኑን አምኛለሁ፣ ይህን ቃል ግን አልቀበልም፣ ሌላ ስጪኝ አሉ።

ያነበብኩት ሁሉ ውስጥ አንድ የሚሰጥ ቃል አልነበረም። የማርዎን ብነጥቃት ቅጹ ላይ ያዩታል። ያላነበብኩትን ገጽ መቶ አሥራ ሦስትን ገለጥኩ። መሐል ላይ አንድ ረጅም ቃል ተቀምጧል፣ ዓይቼው የማላውቀው። «ኢምፕላከብል» ብዬ አነበብኩላቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«የማይነቃነቅ ሰው ማለት ነው። እንደ ካራማራ።»

ፔሪሽን በራሳቸው እስክሪብቶ ሰርዘው በላዩ ጻፉት፤ ፊደሉን እኔ እየጠራሁ። ሁለት ጊዜ ለራሳቸው አሉት። ከዚያ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አራት ቦታ ቀደዱት። ዘጠነኛ ክፍል ያለች ልጃቸው እንግሊዝኛ ጎበዝ ስለሆነች ማታ እንደሚነግሯት ገለጹልኝ።

መዝገብ ቤት ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት መዝገበ ቃላቱን መግለጥ ነው። በአይ ፊደል ሥር አገኘሁት። የማይበርድ፤ የማይታረቅ፤ ቂሙን የማይተው።

ቁጭ አልኩ። ስቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፣ መዝገብ ያዥ ሆኜ መርሳት ያልነበረብኝ። እኛ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ነው የሚፈረመው። የተቀደደው አንዱ ነው።

ማታ እራት አልበላሁም። እናቴ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ ቃል አጠናሁ አልኳት። ትንሽ ልብስ በፌስታል ቋጥሬ በር አጠገብ አስቀመጥኩ፤ እንዳታየው ጫማ ደረደርኩበት።

ጠዋት መዝገብ ቤቱን ስከፍት አቶ ዐቦኮር መስኮቱ ጋ ቆመዋል። በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት አለ።

«አባዮ፣ ልጄ ትርጉሙን ነገረችኝ።»

ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

«እናቷም ሰማች። ሁለቱም ሳቁ። ልክ ነው፣ በደንብ አውቃሃለች አሉኝ።» እሳቸው አልሳቁም። «ትናንት ታውቂው ነበር?»

አውቅ ነበር ብል ሰደብኳቸው፤ አላውቅም ነበር ብል ትናንት ዋሽቻቸዋለሁ። የሁለቱን ቅጣት ለማመዛዘን ጊዜ አልነበረኝም።

«አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ። ፈርቼ ነው ያመጣሁት።»

ኮሪደሩ ላይ ሰው መኖሩን በቀኝም በግራም ቃኙ።

«እኔ ሦስት ሌሊት ወንድሜ ቤት ነው ያደርኩት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሚስቴ ተረኛ ነኝ ብያት። ልጆቼን አንቺ ፊት አላሳልፍም ብዬ መንገድ ቀይሬባቸዋለሁ።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅርታዬን እንደ ገቢ ደብዳቤ በጭንቅላታቸው ንቅናቄ ተረከቡ። የታጠፈውን ወረቀት ዘረጉት፤ ሁለተኛው ቅጂ ነው፣ ፊርማቸው አለበት። ልዘረጋ የነበረውን እጄን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ ሊሰጡኝ አልመጡም። እንዳየሁት እስኪያረጋግጡ ጠበቁና በታጠፈበት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ይህ እኔ ጋ ይቀመጥ። ቁጥር አያስፈልገውም።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

«ቃሏንም ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። የእኔ ናት።»

ለማንም አልሰጠሁም። ኪሳቸውን ባየሁ ቁጥር ትመጣልኛለች፣ ከነፍቺዋ።