የኒሙ ጥላ

ኢርቲዛ ስለ እናቱ አንድ ታሪክ ሳይጽፍ መሞት አይፈልግም። በኡርዱ ልብ ወለድ አንቱ የተባለ ሰው ነው፤ ካራቺ ውስጥ የማያነበው የለም። ግን ስለ እናቱ ሊጽፍ ብዕር ባነሣ ቁጥር፣ በአምሮሃ ከተማ ባደገበት ግቢ የነበረው የኒም ዛፍ ይመጣና ገጹን ይወርስበታል። ወፉ ይንጫጫል፣ አበባው ይረግፋል፤ እናትየው ግን የለችም።

ሐሙስ ሐሙስ ሻይ እየጠጡ ጽሑፍ የሚያነብላቸው ጓደኞቹ ምላሳቸው አይቻልም።

«እናትህ ዛሬም ቅጠል አወጡ?» አለው አንዱ።

«ተወው ባክህ፤ ይሄ ሰውዬ ከዛፍ ነው የተወለደው» አለ ሌላው።

አብሯቸው ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን አንጀቱ እርር አለ። አገር ለሁለት ሲከፈል አምሮሃ ሕንድ ውስጥ ቀረች፤ እሱ በወጣትነቱ ወደ ፓኪስታን ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ እናቱን አላያትም፤ አልቀበራትም። አሁን ፊቷም እየጠፋበት ነው።

በዚያው ዓመት፣ እዚያው የቀረችው ታናሽ እኅቱ ነፊሳ በስንት ልመና ቪዛ አግኝታ መጣች። ተቃቅፈው አልቅሰው ሳይጨርሱ፣

«ኒማችንስ? ደህና ነው?» አላት።

«የቱ ኒም?»

«ግቢያችን ያለው ነዋ!»

ነፊሳ በእንባዋ መሃል ሳቀች። «ውይ ጋሼ! እኛ መቼ ኒም ነበረን? የጎረቤታችን የላላ ባንሲ እኮ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ጥላው ብቻ ነበር። ደራሲ ሆነው ዛፍ መስረቅ ጀመሩ?»

ኢርቲዛ እውነትም እንደ ሌባ አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ የናፈቀው የሰው ዛፍ ኖሯል።

«እማዬስ ብትሆን» አለች ነፊሳ፣ «ላላ ባንሲ ዛፉን ሊመለምል በተነሣ ቁጥር ቁም ስቅሉን ታሳየው ነበር። ‹ልጄ ሲመጣ የት ሊያርፍ ነው?› እያለች።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ጥላው ሲመጣ የእርስዎን የገመድ አልጋ ታወጣለች፤ ጥላው ወደ ሄደበት እየተከተለች ትጎትተዋለች። ‹ባዶ አልጋ ነው እኮ፣ ተይው› ስላት፣ ‹ፀሐይ ላይ ይግልና ሲመጣ ያቃጥለዋል› ትለኛለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሞተችበት ቀን» አለች ነፊሳ፣ ዓይኗን ሰብራ።

ሐሙስ ዕለት ጓደኞቹ ሻይ ቀድተው ጠበቁት፤ አልመጣም። ዛፉን ከአጥር ማዶ ትቶ፣ ባዶ አልጋ ስለምትጎትት ሴት እየጻፈ ነበር። እየጻፈም «አሁንስ ተይው እማዬ፣ ይበቃሻል» እያለ ያለቅስ ነበር።