ፈርገስን የሸኘንበት ቅዳሜ

የክለባችሁን ታሪክ ተናገር ብትሉኝ ዋንጫ የሚባል ነገር አታገኙበትም። ከዳር እስከ ዳር ሽኝት ነው። «መንገደኞች» ብለው ስም ያወጡለት ሰዎች አውቀውበታል። ለሥራ ካትማንዱ የመጣ ባዕድ ሁሉ፣ ፈረንጁ፣ ጃፓኑ፣ አፍሪካዊው፣ ኳስ ካማረው ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይመጣል። ገና ስሙን አስተካክለን መጥራት ስንጀምር ሻንጣውን ይሸክፋል። ዘንድሮ ቀኝ ተመላላሹ ኖርዌያዊ ከሆነ ከርሞ ኮሪያዊ ነው፤ በመሃል ደግሞ ማንም የለም፣ ጎል ይገባብናል።

እኔ ሐርካ ራይ እባላለሁ፤ በረኛቸው ነኝ። የአገሩ ሰው ሆነህ የባዕዳን ክለብ ውስጥ ምን ትሠራለህ ትሉኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ አጥቂ ነኝ ባይ ነው! ታክሲዬን ሜዳው ዳር አቁሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ ፈርገስ እየሮጠ መጣና «ዳይ፣ እጅ አለህ?» አለኝ። ዳይ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ በዕድሜ ግን ታላቁ እሱ ነበር።

«ሁለት አሉኝ» አልኩት።

«ይበቃል፣ ግባ።»

ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ፈርገስ ሌኪ የክለቡ መሥራች ነው። ስኮትላንዳዊ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ለሁለት ዓመት ሥራ መጥቶ ሠላሳ ዓመት የከረመ። ጸጉሩ ቀይ ነበር ይላሉ፤ እኔ የደረስኩት መሳሳት ከጀመረ በኋላ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያመጣቸውን ተጫዋቾች ሁሉ አንድ በአንድ ሲሸኝ የኖረ ሰው ነው።

ሽኝታችን ደግሞ ሥርዓት አለው። የሚሄደው ሰው የዚያን ቀን አምበል ይሆናል። ጨዋታው ሳይጀመር ዲዲ ቱላሳ የብርቱካንማ አበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች። ቱላሳ ከሜዳው በር ፊት ለፊት ሞሞ ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሁሉም ዲዲ፣ ታላቅ እህት ይላታል፣ በዕድሜ የሚበልጧትም ጭምር። ከጨዋታው በኋላ እሷው ቤት ገብተን ሞሞ፣ በሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ የጎሽ ሥጋ፣ በዳጣ እስኪበቃን እንበላለን፤ ሒሳቡ የሁላችን ነው፣ የሚሄደው ሰው አይከፍልም።

ይቺን አይከፍልም የምትለዋን አንድ ሆላንዳዊ፣ ዋውተር የሚባል፣ ደረሰባት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቴ ተሸኘ! በተሸኘ በሳምንቱ «ሥራው ተራዘመ» እያለ ብቅ ይላል። በሦስተኛው ፈርገስ ደሙ ፈላ፤ ወንበር ላይ ቆሞ ሕግ አወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ጉንጉን ያረፈበት አንገት ዳግመኛ ሜዳ አይገባም!» አለ። ዋውተር አራተኛ ጊዜ ሲመጣ አጥር ውጭ ቆሞ እንዲያይ ተፈረደበት፤ ምስኪን፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ሕጉን ማንም አልነካውም።

እንግዲህ የዛሬው ጉድ የመጣው በፍሪጅ ነው።

በባዕዳን መንደር ሰው መሄዱን አይናገርም፤ ፍሪጁ ነው የሚናገረው። ፍሪጁን የሰጠ ሰው ሄዷል፣ አለቀ። በኅዳር መግቢያ ላይ ያው አንሳ የሚባለው፣ ኮሌጅ የሚያስተምረው ጋናዊ አጥቂያችን፣ የፈርገስን ፍሪጅ በጭነት መኪና ወሰደ። አልጋውም ለአንዱ፣ ሞተር ብስክሌቱም ለሌላው ሄደ። ጋናዊው ወሬ ይዞ መጣ።

«ሽማግሌው ሊሄድ ነው! "ከእንግዲህ አያስፈልገኝም" አለኝ፣ በዚህ ጆሮዬ!»

«መቼ እንደሚሄድ ጠየቅከው?» አልኩት።

«ምን ይጠየቃል፣ ሐርካ ዳይ? ፍሪጅ ነው እኮ! ጨዋ ሰው ስለሆነ ድግስ እንዳናበዛበት ደብቆ ነው። ለቅዳሜ ትልቅ ሽኝት እናዘጋጅለታለን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ ፈርገስ ሁሉም ሲያወራ ፈርገስ የሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት ታክሲዬ ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሐርካ፣ ሰዎቹ ሊሸኙኝ ነው።»

«ሰማሁ እንጂ! ለኔ እንኳ ትንፍሽ ሳትል! ደህና ወዳጅ ነህ!» አልኩት። የእውነት ተቀይሜው ነበር።

«አልሄድም።»

«ምን?»

«የትም አልሄድም። ላገባ ነው። ወይም ደግሞ አላገባም። እሱን አላውቅም።»

ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ባለሞተር ሰባት ዘሬን ሰደበ።

«ማንን ነው የምታገባው?»

በመስኮቱ አሻግሮ የሞሞ ቤቱን በር ያያል፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

«ቱላሳን? አንተ ሰውዬ! ከአፍንጫችን ሥር?»

ነገሩ የጀመረው መሬት የተንቀጠቀጠ ዓመት ነው። ሜዳው የድንኳን ሰፈር ሆኖ፣ ክለቡም ተበትኖ፣ ፈርገስ የተሰነጠቀ ግድግዳዋን ሊያቆምላት ድንጋይ ሲሸከም ይውል ነበር። እኛ ሞሞ ስለሚወድ ነው ብለን! አሁን የሂንዱ ካህን ቀኑን ቆጥሮ ለሰርጉ ወር መርጦላቸዋል። እሷም «ቤቴ ሙሉ ነው፤ ራስህን ብቻ ይዘህ ና» ብላዋለች። ፍሪጁ የተሰጠው ለዚህ ነበር።

ችግሩ ልጇ ነው። ኒርጃል ዶሃ ክሬን ነጂ ነው፤ እሱም እዚያ የአገሩን ልጆች ሰብስቦ ዓርብ ዓርብ ኳስ ይጫወታል። እናቱ ስትነግረው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አላሰማትም። ቱላሳም ፈርገስን «ልጄ እሺ ሳይል ለሰው ትንፍሽ እንዳትል» ብላ ቃል አስገብታዋለች። በእኛ ሰፈር ባሏ የሞተባት ሴት ድጋሚ ስታገባ የሰዉ ምላስ ለጉድ ነው።

«ታዲያ አልሄድም ብቻ በላቸው» አልኩት።

«"ፍሪጅህስ? አልጋህስ? የት ልታድር ነው?" ይሉኛል። ከዚያ ምን እላለሁ? ቃሌን በላሁ ማለት ነው።»

«ጉንጉኑ አንገትህ ላይ ካረፈ እኮ ሜዳ መግባት ቀረ!»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እሷም ደግሞ እምቢ ብትልህ ምን ይተርፍሃል?»

አሰበ። «ፍሪጅ እንኳ የለኝም» አለ።

ሳቅ አመለጠኝና ወዲያው ደነገጥኩ። ዓይኑ ውስጥ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ሞሞ ቤቱ ሄድኩ። ቱላሳ ጠረጴዛው ላይ ሊጥ እያድበለበለች ሞሞ ትጠቀልላለች፤ ጣቶቿ ከወትሮው ይፈጥናሉ።

«ዲዲ፣ የነገው ጉንጉንስ?»

«ያ ጋናዊ አዞኛል። "ከሁሉም የበለጠ ወፍራም ይሁን" ብሎ።»

«ሰውየው እኮ…»

ቀና ብላ አየችኝ። «ነገረህ?»

«ነገረኝ።»

«አፉን! ቃል አስገብቼው!»

«ፍሬን ይዤ ነው ያወጣሁት፤ እሱ ላይ አትፍረጂ። ዲዲ፣ በገዛ እጅሽ ልትሸኚው ነው?»

ሊጡን ወረወረችው። «ታዲያ ምን ላድርግ? ጉንጉን አልሠራም ብል ለምን ይሉኛል። ልጄ ቢቆርጠኝስ? አንድ ነው ያለኝ። ባል አግኝቼ ልጅ ልጣ ወይስ ልጅ ይዤ ያንን ሰው ልጣ? አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?»

«እኔ በረኛ ነኝ፣ ዲዲ። ወደኔ የመጣውን ነው የምይዘው።»

«እንግዲያው ሂድና በርህን ጠብቅ!»

ወጣሁ። ስወጣ ጀርባዋን ሰጥታኝ በሻሿ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። ሁለቱም ምላሴን ይዘውብኛል፤ የዚያን ቀን ተሳፋሪ እንኳ የት እንደሚወርድ አልጠየቅኩም፣ ዝም ብዬ ነዳሁ።

ቅዳሜ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ሁሉም ተሰብስቧል። ተጋጣሚዎቻችን የሆቴል አብሳዮች ናቸው፤ የአገሬ ልጆች፣ ሆዳሞችና ፈጣኖች። ጋናዊው ያው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ እየቀረጸም ንግግር አደረገ፤ ፈርገስ ኳስ ማቀበል እንዴት እንዳስተማረው፣ እሱም እንዴት ሳይማር እንደቀረ። ሰዉ ይስቃል። ፈርገስ የአምበሉን ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ መሃል ሜዳ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እኔ አጠገቡ ሄጄ «ተናገር እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ። ራሱን ነቀነቀ። ቃሉን ሰጥቷል፤ ይሄ ግትር!

ቱላሳ ዘገየች። ያው «ዲዲ የት አለች?» ሲል የሞሞ ቤቱ በር ተከፈተ።

ቀይ ለብሳለች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀይ ለብሳ ያያት ሰው የለም፤ በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ቀይ አትለብስም። አብሳዮቹ ወሬያቸውን አቆሙ። እሷ ግራ ቀኝ ሳታይ በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዛ ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ጨርቁን ገለጠችው። ብርቱካንማ አበባ አልነበረም። ሰርዶ ነው፤ ረጅም፣ አረንጓዴ የሰርዶ ጉንጉን።

«አበባ ጠፋ እንዴ ገበያ ላይ?» አለ ያው፣ መቅረጹን ሳያቆም።

«ዝም በል አንተ! ሰርዶ ለሙሽራ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «ሴቲቱ ራሷ ነች በወንዱ አንገት ላይ የምታጠልቀው! ለባሏ! ገባህ?»

አብሳዮቹ ግን ቀድሞ ገብቷቸው ሜዳውን በፉጨትና በጭብጨባ አናወጡት። ፈርገስም ገብቶታል፤ ሠላሳ ዓመት በከንቱ አልኖረም።

«ልጅሽስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አልደወለም። ዶሃ ሲሄድ ፈቅደሽልኛል ወይ አላለኝም፤ ሻንጣውን አስሮ ነው የነገረኝ። እንባዬን ውጬ መርቄ ሸኘሁት። አሁን ተራው የሱ ነው። ዝቅ በል፣ አልደርስብህም።»

ዝቅ አለ። አጠለቀችለት። ከዚያ ወደኛ ዞረችና ሞሞ ስታዝ በምትጮኸው ድምፅ «ይሄ ሰውዬ የትም አይሄድም! ቤቱ ያውና!» አለች፣ በሯን እያሳየች።

ፈርገስ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። ያን ሁሉ ሰው ሸኝቶ፣ ያን ሁሉ ዓመት ኖሮ፣ «እዚህ ሁን» ብሎ እጁን የያዘው ሰው አልነበረም። እኛም ብንሆን ፍሪጁ ሲወጣ አይተን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሽኝት ደገስንለት እንጂ አትሂድ አላልነውም።

ጋናዊው ሲገባው ስልኩን ኪሱ ከቶ ሽማግሌውን በትከሻው ተሸከመው። «ፍሪጁን ልመልስ?» ይላል።

«ለሰርግ ስጦታ የሚሆን ነገር ብቻ ክተትበት!» አለችው ቱላሳ። ስለ ሕጉም አንዱ «አንገት፣ ጉንጉን» ምናምን ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሕጉ ለሚሄድ ሰው ነው ብለን አፉን አስያዝነው። ጨዋታው ተጀመረ። ፈርገስ ሰርዶውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተጫወተ፣ ወይም ቆመ፤ እኔም ዓይኔ እንባ ይዞ አራት ጎል ገባብኝ።

እረፍት ላይ የቱላሳ ስልክ ጮኸ። ጋናዊው የቀረጸውን ጨዋታው ሳይጀመር ለክለቡ ልኮት፣ ከአብሳዮቹ አንዱ ተቀብሎ ለዘመዱ፣ ዘመዱ ለዘመዱ፣ እኛ ውሃ ሳንጠጣ ዶሃ ገብቷል። ቱላሳ የልጇን ስም አየች። አነሳችው፤ ጥቂት ሰማች፤ ለፈርገስ ሰጠችው። የፈርገስ ጆሮ ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወራው፤ ሁላችንም ሰማን።

«ኒርጃል ነኝ» አለ ድምፁ። «አፍሬ ነበር። ሰው ምን ይላል ብዬ። አሁን እዚህ ያለው የአገሬ ሰው ሁሉ ቪዲዮውን አይቶታል፤ ያለውን ይበል።» ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል። «እኛም እዚህ ሰው እንሸኛለን። ለመጪው ዳሻይን፣ ለትልቁ በዓላችን፣ ተራው የኔ ነው፤ ጠቅልዬ ልገባ ነው። በበዓሉ ልጅ ግንባሩ ላይ ጢካ፣ የምርቃት ምልክት፣ የሚያደርግለት አባት ያስፈልገዋል። ለኔ የምታደርግልኝ እናቴ ብቻዋን ነበረች። ቤት ሆነው ይጠብቁኛል?»

ፈርገስ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

«እጠብቅሃለሁ፣ ልጄ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ እጠብቅሃለሁ።»

ስልኩን ለእናቱ መለሰላትና ወደኔ መጣ። ስንቱን ተጫዋች አውሮፕላን ማረፊያ ወስዶ የተሰናበተ ሰው ነው፤ እኔው ነኝ በታክሲዬ የማደርሰው። ክንዴን ይዞ እንደ አዲስ መጤ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ሐርካ፣ የሚመጡት ሰዎች የሚወጡት በየትኛው በር ነው?»

አሳይሃለሁ አልኩት።