የትንሿ ጣቢያ መሠረት

ግንበኛው ሦስተኛውን መሠረት በመዶሻ እየሰባበረ ነው። ትሪ የምታክል የኮንክሪት ንጣፍ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ፎቅ ሲያቆም የኖረ ሰው በገዛ ጓሮው በአሻንጉሊት ቤት መሠረት መረታቱ አንጀቱን አሳርሮታል።

ቤቷ የባቡር ጣቢያ ናት። ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ቲኬት ስትቆርጥ የኖረችበትን ጣቢያ ከነሰዓቱ፣ ከነመስኮቱ፣ በጉልበት ቁመት ከጣውላ ሠርታዋለች። ትንሿ ባቡር በአበባው መደብና በውሃ ቧንቧው መሀል ትዞራለች። ጣቢያዋ ግን በተቀመጠች ቁጥር ወደ ሐዲዱ ዘንበል ትላለች፤ ባቡሯም ስታልፍ ከጣራዋ ጋር ተፋትጋ ትገለበጣለች።

"ሲሚንቶው ነው" አለ ግንበኛው ላቡን እየጠረገ። "የዛሬ ሲሚንቶ ምኑ ይታመናል?"

"ትናንት አሸዋው ነበር" አለች ሚስቱ። "ከትናንት ወዲያ ደግሞ እኔ። ጥላሽን ጣልሽብኝ ብለህ።"

"ጣልሽብኛ!"

ሳቋን ዋጥ አደረገች። እሱ አዲስ ኮንክሪት ሲያቦካ እጁን ታይ ነበር። አንዲት ጠብታ አያባክንም። ይህን እጅ ስታይ ዛሬም ደስ ይላታል። ታዲያ እንዲህ ያለ እጅ እንዴት ሦስት ጊዜ ይስታል?

ውሃ ሊጠጣ ሲገባ ውሃ ልኩን ኮንክሪቱ በሚፈስበት የእንጨት ፍሬም ላይ አጋደመችው። ከአንዱ ጫፍ ሥር ባቄላ የምታክል ጠጠር ሸጎጠች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው፣ መሀል መቆም የሚገባት አረፋ ጭራሹን ዳር ድረስ ሸሸች።

ግንበኛው ተመልሶ ተንበረከከ። አንገቱን ሰበር አድርጎ አየ።

"ልክ ነው! ፀጉር አያሳልፍም። በይ ላፍስሰው።"

ሚስቱ ጠጠሯን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። "ይህቺ ከሥሩ ነበረች።"

ግንበኛው ጠጠሯን በአውራ ጣቱ ዳበሳት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ካቻምና። ጭጋግ ነገር ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል።"

"ነገ የትምህርት ቤቱን ደረጃ አፈሳለሁ አላልክም?"

"እጄ ያውቀዋል።"

"እጅህንማ እኔም አውቀዋለሁ። ግን አንተ ሰው፣ የኔ ባቡር ብትገለበጥ አንስቼ አቆማታለሁ። ደረጃው ላይ የሚወድቀውን ልጅ ማን ያነሳዋል?"

ተቆጣ። ተነስቶ ሊሄድም ቃጣው። ከቁጣው ሥር ግን ፍርሃት ነበር፤ ግንበኛ መባል ከቀረበት ምን ተብሎ ሊጠራ ነው? እሷ የሚያማትን ጉልበቷን እንደ ምንም አጥፋ አፈሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አረፋዋ የት ናት?" አላት በመጨረሻ።

"ወደ እኔ።"

የፍሬሙን ጥግ በመዶሻው እጀታ መታ አደረገው። "አሁንስ?"

"ትንሽ ወደ አንተ... ተው፣ በቃ! መሀል ገባች።"

ኮንክሪቱን አፍስሶ በጣውላ ጠርጎ አስተካከለው። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ስልኩን አቀበላት።

"የትምህርት ቤቱን ሥራ የሚያሠራውን ፎርማን ቁጥር አውጪልኝ።"

ደውላ ሰጠችው።

"ነገ አልመጣም" አለ ግንበኛው። "አይ፣ አላመመኝም። ዓይኔ ነው። የሚያይ ሰው ደረጃውን ያፍስሰው።"