ኑሮ ከተባለ

«ስለዚህ እዚህ አትኖርም?»

«ይኼ ኑሮ ነው?»

«የምጠይቅህ እዚህ ቤት ውስጥ ትኖር እንደሆነ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ይኼ ኑሮ አይደለም ነው የምልህ።»

ሰውዬው አንገቱን ነቅንቆ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገ። እኔ ሁለት ፌስታል አንጠልጥዬ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ፤ አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። የሚያወሩት በስዊድንኛ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ገብረመድህን ስዊድንኛውን የለመዱት አውቶቡስ ሲነዱ ስለሆነ አጭር አጭር ነው፤ ከፌርማታ ፌርማታ፤ ለ«መኖር» ያላቸውም አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔ ሳቄ መጣ። ማንም ሐበሻ ቢሆን ይስቃል። «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲባል «ምን ኑሮ አለ ብለህ» የማይል ሰው አላጋጠመኝም። «ኑሮ ግሩም ነው» የሚል ካለ ወይ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ወይ ሊበደር የመጣ ነው።

ሰውዬው ግን አልሳቀም። በትህትና አመሰገነና ለኔም «ሄይ» ብሎኝ ወረደ።

«ማነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የአከራዩ ሰው ነው። ኑሮዬን ሊጠይቅ መጥቶ።»

«ታዲያ ጨዋ ሰው ነዋ! የኛ ሰው እንኳን መጠየቅ ትቷል።»

«ደህና ሰው ነው» አሉና በሩን ዘጉ።

በሩ ላይ፣ ደብዳቤ ከሚገባበት ቀዳዳ በላይ፣ ሦስት ስም አለ። ብርሃነ ሥላሴ፣ ከፍያለው፣ አድነው። እኛ ስናየው ነገሩ ግልጽ ነው። ብርሃነ ሥላሴ የጋሽ ገብረመድህን አባት ናቸው። ከፍያለው የባለቤታቸው የወይዘሮ ደሚቱ አባት ናቸው። አድነው ደግሞ የጽጌረዳ አባት ናቸው፤ ጽጌረዳ የወይዘሮ ደሚቱ የእህት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ለማስተርስ መጥታ ፍሌሚንግስበሪ ባለው ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። እንግዲህ በሩ ላይ የተጻፉት ሦስት ሽማግሌዎች አንዳቸውም ስዊድንን አይተዋት አያውቁም። ፈረንጅ ግን በር ላይ የሚያነበው የቤተሰብ ስም ነው። ሦስት ስም ካየ ሦስት ቤተሰብ ቆጠረ ማለት ነው።

ደግሞ ከሦስቱ የቤቱ ሰዎች አንዷ የሉም። ወይዘሮ ደሚቱ ካረፉ ሁለተኛው ክረምት ነው። ጋሽ ገብረመድህን አላለቀሱም። ለቅሶ ደራሹ ደረቱን ሲመታ እሳቸው ወንበር ያቀብሉ ነበር። ሰው «አይዞዎት፣ ቆይቶ ይወጣልዎታል» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «እሺ» ይላሉ፣ መድኃኒት እንደታዘዘለት ሰው። ቆየ፤ ምንም አልወጣም። ወጥ ቤት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የሰፈራችንን የቮርቢ ጎርድን የመኪና ማቆሚያ ያያሉ። እኔ ከሥራቸው ያለው ፎቅ ላይ ነኝ። ጠዋት ወንበሩ ወደ መስኮቱ ሲጎተት ከራሴ በላይ እሰማለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ሲመለስ። በመሃል ዝም ነው። አንዳንዴ ወጥቼ «ጋሼ፣ መኪኖቹ ሞሉ?» እላቸዋለሁ። «አንድ ይቀራል» ይላሉ። ሁልጊዜ አንድ ይቀራል።

ሰውዬውን ያመጣው ነገር ትንሽ ነው። የአየር ማስወጫ የሚፈትሹ ሠራተኞች መጥተው በር አንኳኩ፤ የከፈተ የለም። ሌላ ቀን ተመልሰው አንኳኩ፤ አሁንም የለም። በሌላ ቀን ጽጌረዳ ከፈተች። ስዊድንኛ ገና አልያዘችም፣ በእንግሊዝኛ «እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ» አለቻቸው። እውነቷን ነው፣ አልዋሸች። ኩባንያው ግን ደመረው፦ ተከራዩ ሲንኳኳ የለም፣ ያለችው ሌላ ልጅ ናት፣ በሩ ላይ የሰው ስም ተደርድሯል። ከዚያ ያንን ሰውዬ ላኩ። ሰውዬው ጠየቀ፣ ጋሽ ገብረመድህን መለሱ፣ እኔ ሳቅኩ።

ከኩባንያው ደብዳቤ ሲመጣ ጽጌረዳ ይዛልኝ ወረደች። የኔ ስዊድንኛ የሆስፒታል ወጥ ቤት ስዊድንኛ ነው፤ ሾርባና ትሪ ላይ ያስኬዳል፣ ደብዳቤ ላይ ያነክሳል። ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። ቤቱን ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው አሳልፈህ ሰጥተሃል፣ አንተ ራስህ እዚያ እንደማትኖር በገዛ አፍህ ተናግረሃል፣ ስለዚህ ውልህ አይታደስም፣ ቤቱን ትለቃለህ ይላል። ካልተስማማህ ነገሩ የቤት ክርክር ለሚዳኘው ለኪራይ ሸንጎ ይቀርባል።

«በገዛ አፋቸው?» አለች ጽጌረዳ። «መቼ ነው የተናገሩት?»

«ደረጃው ላይ ቆሜ እያየሁ» አልኳት። «ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

«ነው እንዴ?»

እሱን እኔም አላውቅም።

ተከራዮች ማኅበር ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቤትህ ውስጥ ደባል ብታስገባ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም አለች። ቤቱን ለቀህ ሄደህ ብታከራይ ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ቤትህን ታጣለህ። «እና ልዩነቱ ምንድነው?» ብላት «ሰውዬው እዚያ መኖሩ ነዋ» አለችኝ። ሌላ ነገር የለም። ጋሽ ገብረመድህን ከኖሩ ልጅቷ ደባል ናት፣ ካልኖሩ ሁለቱም ውጭ ናቸው። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ሰልፍ ይዞ ሌላ ቤት ማግኘት የማይሆን ነገር ነው፤ ተራው ሲደርስ የሚጠራው ሰው አይገኝም።

ጽጌረዳ ሻንጣዋን አወጣች። ፊቲያ የሚባል ሰፈር ያለች ጓደኛዋ ጋ ወለል ላይ መተኛት ትችላለች፣ እሷ ከወጣች ኩባንያው ይተዋቸዋል ብላ አሰበች። ልብሷን አጣጥፋ ስትጨርስ ጋሽ ገብረመድህን ከወንበራቸው ሳይነሱ አዩአት።

«ስምሽስ?» አሏት።

«ምን ስሜ ጋሼ?»

«በሩ ላይ ያለው። እኔ በር ላይ የተጻፈ ስም መንቀል አልችልም። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሻንጣው ግን እንደተዘጋ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሰነበተ፣ እየተሻገርነው እንገባለን፣ እየተሻገርነው እንወጣለን።

የሸንጎው ቀን ሲቃረብ ማሠልጠን ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ "እዚያ ትኖራለህ?" ሲሉዎት ምን ይላሉ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። ሌላ ምን ይጨምራሉ?»

«ምን ልጨምር?»

«ምንም! ምንም አይጨምሩ። ተረት የለ፣ ምሳሌ የለ። አዎ፣ አለቀ።»

«አንቺ አፀደ» አሉኝ፣ «ሚኒስትር ሆነሽ ቢሆን ኖሮ አገሩ ከ"አዎ" ሌላ ቃል አይኖረውም ነበር።»

ነገሩን በክፉ አላየሁትም። ቢያንስ ቀለዱ ብዬ ደስ አለኝ። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ቃሉ ብቻውን ወጥቶ የቀረ ይመስል ነበር።

ከጽጌረዳ ጋር ሦስታችን በቀዩ መስመር ባቡር ወደ ከተማ ገባን። ጋሽ ገብረመድህን የሰርግ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ሸንጎው ትልቅ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ነው። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ናት፤ ግራና ቀኝዋ ሁለት አባላት። ወዲያ ማዶ የኩባንያው ጠበቃ፣ እሷም ሴት፣ ከጎኗ ያ ደረጃ ላይ ያየሁት ሰውዬ። አስተርጓሚው ሕሩይ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ሰብሳቢዋ «አንተ» ስትል እሱ «እርስዎ» እያለ ያዞረዋል። ስዊድን ትንሽ ትልቁን አንተ ይላል፤ ሕሩይ አንቱታውን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጥ ነበር።

መጀመሪያ በሩ ላይ ያለው ስም ተጠየቀ። ከፍያለው ማነው?

«ባለቤቴ።»

ሕሩይ «ሚስቱ» ብሎ አዞረው።

«እሷስ የት ነው የምትኖረው?»

«አትኖርም» አሉ ጋሽ ገብረመድህን።

ሰብሳቢዋ ሐዘኗን ገለጸች፣ እሳቸውም «እሺ» አሉ። ከዚያ የምንፈራው ጥያቄ መጣ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አስተካክላ በስዊድንኛ ጠየቀች፣ ሕሩይም አስተካክሎ አስተላለፈ፦

«ጋሽ ገብረመድህን፣ እርስዎ እዚያ ቤት ይኖራሉ?»

እግራቸውን በጫማዬ ነካሁ። አዎ። አንድ ቃል።

መስኮቱን አዩ። እዚያም በኩል የመኪና ማቆሚያ አለ።

«ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃል» አሉ።

በቃ፣ ቤቱ ሄደ አልኩ በልቤ። ጠበቃዋ ብዕሯን አነሳች። ሕሩይ ግን እጁን ወጣ አድርጎ፣ ከመተርጎሜ በፊት አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ አለ። በአማርኛ መኖር አንድ ቃል ነው፣ አድራሻም ነው፣ በሕይወት መሆንም ነው፣ ደህና መሆንም ነው። ስዊድንኛው ለእያንዳንዱ የየራሱ ቃል አለው። «ሰውዬው የመለሱት ሁለተኛውን ይመስለኛል» አለ። «የተጠየቁት ግን የመጀመሪያውን ነው።»

ሰብሳቢዋ ጥያቄዋን ለወጠች።

«የት ነው የምትተኛው?»

«አልተኛም።»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሳትተኛ ስታድር የት ነህ?»

«አልጋዬ ላይ።»

«አልጋው የት ነው?»

«ቤቴ። ቮርቢ ጎርድ።»

«ቀንስ?»

«ወንበር ላይ። እሱም እዚያው ነው።»

ጠበቃዋ ገባች። ሠራተኞቻችን መጥተው ደጋግመው አንኳኩ፣ ደወሉ፣ የከፈተ የለም፤ እቤት ከነበርክ ለምን አልከፈትክም አለች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ሥራዋ ነው።

«ለኔ አልመሰለኝም» አሉ።

«የአንተ በር ነው እኮ።»

«አዎ። ግን ለኔ አልመሰለኝም።» አሉና ሁለት ጣት አወጡ። «ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሳል አለበት። መሰላሉ ግድግዳውን መታው። ሳሉ የያዘው "ሞቶ ይሆን እንዴ?" አለ፣ ሌላው ሳቀ።»

ሕሩይ እያንዳንዱን ቃል አስተካክሎ አዞረው። የኩባንያው ሰውዬ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ሳል ያለበት ሠራተኛ ማን እንደሆነ እንደሚያውቅ ካቀረቀረው አንገቱ ያስታውቃል።

«ያንን ከሰማህ» አለች ሰብሳቢዋ ቀስ ብላ፣ «ለምን ድምፅህን አላሰማህም?»

«መልሱን ልስማ ብዬ።»

የሳቀ አልነበረም። ሰብሳቢዋ የኩባንያውን ሰዎች ለብቻቸው ታነጋግራቸው ዘንድ እኛን ወደ መተላለፊያው አወጣችን። እዚያ የማሽን ቡና ገዛሁላቸው፣ ኩባያውን እንደያዙት ቀዘቀዘ። ጽጌረዳ ጥፍሯን ትበላለች። ስንመለስ ጠበቃዋ ተነስታ ኩባንያው ጥያቄውን ትቶታል አለች፤ ውሉ ይቀጥላል፣ ልጅቷም እንደ ደባል መቀመጥ ትችላለች። የደረጃው ሰውዬ መጥቶ እጁን ዘረጋላቸው፣ ጋሽ ገብረመድህንም ጨበጡት። «ደህና ሰው ነህ» አሉት በስዊድንኛ። ሰውዬው ቀላ።

በባቡሩ ተመለስን። ጽጌረዳ ትምህርቷ እንዳያመልጣት መንገድ ላይ ተለየችን። አሳንሰሩ ተጠግኖ ነበር፣ እሳቸው ግን በደረጃ ወጡ፤ እኔም እያለከለክሁ ተከተልኩ። ጎረቤት ጠዋት አብሮ ወጥቶ በር ድረስ ሳያደርስ አይለይም። በሩ ጋ ቆመው ቁልፋቸውን ፈለጉ። ሦስቱ ስም እንዳለ ነው። ከበሩ ወዲያ የጽጌረዳ ሻንጣ አለ፣ ወንበሩ አለ።

ደስታው እኔ ላይ ብቻ ሆኖ ቀረ መሰለኝ፣ ጀርባቸውን መታ መታ አደረግኋቸው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ተፈረደልዎ» አልኩ። «ይኑሩበታ!»

ቁልፉን አዞሩት።

«እሱን» አሉ፣ «ሸንጎው አላዘዘም።»