ኮሪደር ላይ የተገኘ ሻርፕ

የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ወዲያ ወዲህ እንዳይል አስቀድሜ ልናገር፤ በዚህ በገዛ እጄ ነው የሸጥኩት።

የንጉሡ ልደት ዕለት አምስተርዳም ውስጥ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። ከተሜው ሁሉ አሮጌ ዕቃውን መንገድ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በራፌ ላይ ሸራ አንጥፌ ሸጫለሁ። የቤታችን ደንብ አንድ ነው፤ በዚያን ቀን ጠዋት ኮሪደር ላይ የተገኘ ዕቃ ይሸጣል፣ አለቀ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ዓመት አዲስ ጫማውን እዚያ አውልቆ ትቶ ባዶ እግሩን ነው ሲፈልግ የዋለው። ይህን ደንብ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እንዴ፣ ምኑ ይነገራል?

ፕራሚላ ታዲያ ከየት ትወቀው? ከኔፓል መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ላይኛውን ክፍሌን የተከራየች ልጅ ናት። የካቲት ላይ እናቷ ሞተችባት። የመኖሪያ ፈቃዷ ገና አልታደሰም ነበርና ከወጣች መመለሻ የላትም፤ ሳትሄድ ቀረች። እኔም ሾርባ ይዤላት ወጣሁና "አይዞሽ ልጄ፣ ኑሮ ይቀጥላል" ብያት ወረድኩ። እንዲያው ምን ዓይነቷ ደረቅ ነኝ!

የበዓሉ ዋዜማ "ነገ ትልቁ በዓላችን ነው" አልኳት። እሷ ደግሞ በዓል ሲባል የምታውቀው ቤት ማጽዳት ነው። በማለዳ ተነስታ ክፍሏን ወለወለችና ወለሉ እስኪደርቅ ዕቃዋን ኮሪደር ላይ አወጣች። ከዚያ ኬክ ልትገዛልኝ ወጣች። በእኔ በዓል እኔን ልታስደስት!

እኔ ችኩል ነኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእኔ ነው። ኮሪደር ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አፍሼ ወደ በራፍ። ከመሃሉ አፉ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ፌስታል ነበር። ቀደድኩትና ፌስታሉን ጣልኩት። ውስጡ ብርቱካናማ ሻርፕ! በዚያን ቀን አገሩ ሁሉ ብርቱካናማ ነው የሚለብሰው፤ እንዲህ ያለው ገና ሳይዘረጋ ይሸጣል። የታፈነ ሽታ ሸተተኝና ነፋስ ላይ ይዤ ደህና አድርጌ አራገፍኩት። ወዲያው ራሷ ላይ የላስቲክ ዘውድ የደፋች፣ ፊቷ የቀላ ወፍራም ሴት መጥታ ወሰደችው።

"አምሮብሻል፣ ንግሥቴ!" ብዬም ቀለድኩባት።

ፕራሚላ ኬኩን ይዛ መጣች። ሸራው ላይ ዕቃዋን ስታይ ቆም አለች።

"አክስት ኮሪ፣ የኔ ፌስታል የታለ?"

"የቱ ፌስታል?"

"የታሰረው። የእናቴ ሻርፕ ያለበት።"

ክው አልኩ።

"እህቴ ሳታጥበው ነው የላከችልኝ" አለች። "ሽታዋ እንዳይጠፋብኝ ነው ያሰርኩት። እኔ እንኳ ሁለቴ ብቻ ነው የከፈትኩት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ነገርኳት፤ ማራገፌን ግን ዋጥኩት። ሸራዬን ለጎረቤቴ ለሲብረን ጥዬ እጇን ይዤ ሮጥኩ።

"ኮሪ! የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም!" እያለ ከኋላዬ ይጮሃል። አፉን ይያዝልኝ!

ግን ምን ብለን እንፈልጋት? ባርኔጣው ብርቱካናማ፣ ካልሲው ብርቱካናማ፣ ውሻው ሳይቀር ብርቱካናማ። ቢራ የሚሸጥ ጎረምሳ አገኘሁና "ብርቱካናማ ሻርፕ ያደረገች ሴት አላየህም?" አልኩት።

"እማማ፣ ያላደረገች ካለች ይንገሩኝና እሷን ልፈልግልዎ" አለኝ። ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

ፕራሚላ መጠየቁን ተወችው። ያየችውን ብርቱካናማ ጨርቅ ሁሉ ጫፉን እየያዘች ታሸት ጀመር። የማታውቀውን ሰው ልብስ ወስዳ አፍንጫዋ ላይ! አንዱ "ይቺ ጠጥታለች" አለ። አንዷ ገፈተረቻት። ሌላው ደግሞ ሊያስጨፍራት ወገቧን ያዘ። ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። እኔ፣ ስድብ ቸግሮኝ የማላውቀው ሴትዮ፣ ቃል አጣሁ። ከእኔ በላይ የበደላት ማን አለና ማንን ልስደብ?

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሕዝቡ ከአጥሩ ጋር አጣበቀን። ከሥራችን ጀልባዎቹ ተጠጋግተው በዘፈን እየተናወጡ ያልፋሉ። ያን ጊዜ አየኋት። ባለ ዘውዷ ሴት አንዱ ጀልባ ላይ ቆማለች፤ ሻርፑ ቢራ ፈሶበት ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል።

"ያቻት! ያቻት!"

ሁለታችንም ጮኽን። "መልሽው! የእናቷ ነው! ስለ እግዚአብሔር!" ከዚያ ሁሉ ዘፈን በላይ ማን ይሰማናል? ሴትዮዋ ቀና ስትል እኔን ለየችኝ። ደስ አላት። ሻርፑን ከትከሻዋ አወረደችና ከራሷ በላይ ታውለበልብልን ጀመር። እየጨፈርን መስሏቸው ጀልባው ላይ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡልን። ልሩጥ ብል መላወሻ የለ። ጀልባው ድልድዩ ሥር ገባ። በክርናችን ሕዝቡን እየገፋን ወደዚያኛው ጠርዝ እስክንሻገር በየት እንደሄደ እንጃ፤ ቦዩ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ሰው የጫነ ጀልባ ብቻ ነበር።

ፕራሚላ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"የእናቴ ሬሳ በአገራችን ደንብ ሲቃጠል በስልክ ነበር ያየሁት" አለችኝ፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። "ያኔም እንዲሁ ስጮህ ነበር። እዚያ የቆሙት ድምፄን አይሰሙም ነበር።"

ላቅፋት ፈለግሁ፤ ያንን ሽታ ያራገፈ እጄን ግን ምን ብዬ ላሳርፍባት? እዚያው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከጎናችን የቆመ አንድ ሽማግሌ ሁለታችንንም በአንድ ላይ እቅፍ አድርጎ "እንኳን አደረሳችሁ!" አለን።

እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣ አፌ ቀድሞኝ፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኩት።