ለሚካኤል የቀረበ የዝውውር ጥያቄ

ኤሌኒ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች። ተማሪዎቿን «አጋጣሚን ከምክንያት ጋር አታምታቱ» እያለች ስትለፈልፍ የምትውል ሴት ናት። ሰኔ ሚካኤል ዕለት ግን ዝናብ እየደበደባት፣ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ታቦቱ በፊቷ ሲያልፍ እያለቀሰች ተሳለች። «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ከዚህ ሰፈር አውጣኝ። ዝውውሬን አሳክተህ ባሕር ዳር አስገባኝ። ከሁሉ በላይ ከእንኳየሁ ገላግለኝ። ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ!»

ስለት ላይ የጎረቤት ስም ይጠራል አይጠራም፣ ሊቃውንቱ ይወቁት። እሷ ጠራች፤ የጠራችውም በደንብ አስባበት ነው። እትየ እንኳየሁ አጥር የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሥራቸው ኤሌኒ ሆናለች። ምን ገዛሽ፣ ማን መጣ፣ ምነው ከሳሽ፣ ምነው ወፈርሽ፤ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ይሏታል። ከስንት ጊዜ በኋላ ቧንቧው ድንገት ሲያስነጥስ «ውሃ መጣ!» ብለው ሰፈሩን በእሪታ የሚያስነሡትም እሳቸው ናቸው።

የቀረው ሰፈርም ቢሆን ከእሳቸው አይሻልም። ዳገቱ ከፒያሳ የመጣ ባጃጅ እንኳ ግማሹ ላይ አቃስቶ ሰው የሚያወርድበት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከደብሩ የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ ከዜማው ጋር ሳላቸውም አብሮ ይሰራጫል። ባሕር ዳር ግን መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጎረቤቱም ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ቢያንስ ኤሌኒ እንደዚያ ብላ ወስናለች።

ነሐሴ ላይ ታይፎይድ ጣላት። ትኩሳቱ ቀለል ሲልላት ዓይኗን ብትገልጥ እትየ እንኳየሁ እግሯ ሥር ተቀምጠው ላብ የጠጣ ካልሲዋን እያወለቁ ነው። በሩን ቆልፋው ነበር። ቁልፍ ከየት እንዳመጡ እስከ ዛሬ አልተናገሩም። አጥሚት በጉልበት ጋቷት፣ ፀጉሯን ፈትተው ሠሯት፣ ቁም ሳጥኗን ያለ ፈቃድ ከፍተው ልብሷን ሁሉ አጠቡት። መሪጌታ ራስጌዋ ቆመው ያንን ማይክ የለመደ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ መልክአ ሚካኤል ደገሙላት፤ ግማሽ የዳነችው እሳቸው እንዲያርፉ ብላ ነው። የእድሩ ዳኛ አያ መልካሙም ሊጠይቋት መጥተው ግቢዋን በእርምጃ ሲለኩ በመስኮት አየቻቸው።

«ምን እያደረጉ ነው፣ አያ መልካሙ?»

«ምንም። ድንኳኑ ይበቃ እንደሁ ብዬ ነው። አንቺ ተኚ።»

ድንኳኑ ሳይተከል ዳነች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለራሷም አልተዋጠላትም። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ተነሥታ ስትለብስ ከአጥሩ ወዲያ ጸጥ ብሏል። ማንም «ወዴት ነው?» አላላትም። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፣ በሩ ላይ ቆመች፣ ተመለሰች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ፣ «እትየ፣ ምነው ዛሬ ድምፅዎ ጠፋ?» ብላ ጮኸች። ቃሉ ከገዛ አፏ ሲወጣ ስትሰማ ደነገጠች።

እትየ እንኳየሁ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር። ኤሌኒ ሥራዋን ትታ አጥሚት አፍልታ ወሰደችላቸው። ስትመለስ ዳገቱን ቁልቁል አየችው። ዝናብ ያጠበው ቆርቆሮ፣ የተጋደመ አጥር፣ ሰው ሲያይ ብቻ የሚጮህ ውሻ፣ «ኤሌኒ፣ ተሻለሽ?» የሚል ሱቅ፣ «ኤሌኒ፣ ተሻለሽ?» የሚል ጫማ ጠጋኝ። ወደደችው። ይህን ያህል ዓመት ስትሰድበው የኖረችውን ሰፈር እንደ ጅል ወደደችው። እዚህ በመኖሯ አምላኳን አመሰገነች፤ አመስግና ሳትጨርስም ስለቷ ትዝ አላት።

ሚካኤል ደግሞ አልዘገየም። ጥቅምት ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አምሐ ደወለ።

«የምሥራች! ባሕር ዳር ተቀብሎሻል፤ ዝውውርሽ ጸድቋል!»

ኤሌኒ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ለአምሐ «ይቅርብኝ» ማለት ቀላል ነው። ለመልአኩ ግን ምን ይባላል? በቀመሯ ብትሄድ ዝውውሩ አጋጣሚ ነው። ያን ዕለት ቀመሯን ለማመን ልቧ አልደፈረም፤ ተነሥታ ወደ መሪጌታ ቤት ሄደች።

«የኔታ፣ ስለት ይመለሳል?»

«እንዴት ያለ ስለት?»

«ከተሰማ በኋላ። አልፈልገውም ቢባል።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤልን የሰው ኃይል አስተዳደር አደረግሽው?»

«ባልሄድስ?»

«አትሂጃ፤ ማን ገፋሽ? ጃንጥላው ግን ይገባል። ተአምሩም ይነገራል።»

የፈራችው ይህንን ነው። በዚያ ደብር ስለት ያስገባ ሰው በንግሥ ዕለት ስሙ ብቻ አይጠራም፤ ምን ብሎ እንደተሳለ በማይክ ይነገርለታል።

«ምን ብለው ይናገራሉ?»

«የተሳልሽውን ነዋ። ምን ብለሽ ነበር?»

ነገረቻቸው። እንኳየሁን ሳታስቀር ነገረቻቸው። መሪጌታ ሳቃቸውን ሊውጡ ሲታገሉ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። «ታቦት ፊት ቆሜ ውሸት አልጨምርበትም» ብለው ሸኟት።

የምትሄድ ብትሆን ግድ አልነበራትም፤ ሐሜቱን ለሰፈሩ ትታ አውቶቡስ መሳፈር ነው። መቅረት ስለፈለገች ነው ጉዱ። እዚያው ሰፈር፣ እዚያው አጥር ሥር፣ «ከእንኳየሁ ገላግለኝ» ማለቷ በድምፅ ማጉያ ከተነገረ በኋላ እንዴት ይኖራል? እትየን በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ለአምሐ ዛሬ ነገ እያለች ሳትደውል ቀረች።

ጃንጥላውን ከፒያሳ ገዛችው። ሰው እንዳያይባት በአንሶላ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ጫነችው። በአንሶላ የተጠቀለለ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ደግሞ በአንሶላ የተጠቀለለ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም። ቤቷ ሳትደርስ ስለቷ እንደደረሰላት ሰፈሩ ሁሉ አወቀ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ወረቡ ቀርቦ፣ መሪጌታ ማይኩን ጨበጡ። ኤሌኒ ጃንጥላዋን ታቅፋ ተራዋን ትጠብቃለች። ከእሷ በፊት እትየ እንኳየሁ ብቅ አሉ። የተጠቀለለ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ይዘዋል።

«እናታችን እንኳየሁ» አሉ መሪጌታ፣ «ሰኔ ላይ፣ ‹ጎረቤቴ ኤሌኒ ከዚህ ሰፈር ወጥታ ባሕር ዳር ትግባልኝ› ብለው ተስለው ነበር። ሚካኤል ሰምቷቸዋል። መጋረጃ አስገብተዋል፤ እልል በሉ!»

እልልታው ቀለጠ። ኤሌኒ አፏ እንደተከፈተ ጃንጥላዋ ከእጇ ተወሰደ። መሪጌታ አንድ ጊዜ አዩዋት። «ኤሌኒም በዚሁ ጉዳይ ጃንጥላ አስገብታለች!» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። ውሸት አልጨመሩም፤ አሳጠሩ እንጂ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» እያለ አገላብጦ ሳማት። አያ መልካሙማ መሸኛ ድግሱን የት እንደሚያደርጉት ማሰብ ጀምረዋል።

ኤሌኒ ሰዉን ጥሳ እትየ እንኳየሁን በክንዳቸው ይዛ የቅጥሩ ግንብ ሥር ወሰደቻቸው።

«እትየ፣ ማን ተሳሉልኝ አለዎት?»

«ምን ላድርግ? ሰኔ ላይ ስታለቅሺ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። አንቺ እንደሁ ረቡዕና ዓርብን አትጾሚ፤ ብቻሽን ብትለምኚ ማን ይሰማሻል? የኔን ጨመርሁበት።»

«ያልሁትን ሁሉ ሰምተዋል?»

«ጆሮዬ ደኅና ነው።»

«የመጨረሻውንም?»

እትየ እንኳየሁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «‹ከእንኳየሁ ገላግለኝ› ያልሽውን? እሱንም ጨምሬ ነው የለመንሁልሽ። ጎዶሎ ስለት ይሰማል እንዴ?»

ነሐሴ ላይ ያንን አጥሚት ሲግቷት፣ ያንን ካልሲ ሲያወልቁ፣ ይህን ሰምተው ነበር። ኤሌኒ እንባዋ መጣ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ምኑን? እኔ ራሴ ከራሴ ገላግለኝ የምልበት ቀን አለ። ይልቅ ዕቃሽን መቼ ነው የምትሸክፊው? እኔ ነኝ የማስርልሽ፤ አንቺ አታውቂበትም።»

«አልሄድም፣ እትየ።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም። ዛሬውኑ ለአምሐ እነግረዋለሁ።»

«መጋረጃዬስ?» እትየ እንኳየሁ ጮኹ። «ሰው ሁሉ እልል ብሎ! ሚካኤልን ምን ልበለው? ሰኔ ላይ ለምኜህ ኅዳር ላይ ተውነው ልበለው? ምነው ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም፣ አንቺ የማትረቢ!» በነጠላቸው ጫፍ ትከሻዋን መቷት። «ሸጋ አገር አግኝተሽ! ሐይቅ አለው! ውሃ አለው! እዚህ ምን አለሽና ነው የምትቀሪ?»

ኤሌኒ ዳገቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ውሻውን ልትቆጥርላቸው አሰበች። ምላሷ ላይ የመጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እርስዎ አሉኛ» አለች።

እትየ እንኳየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ታቦቱ ሊገባ ሲነሣ ሰዉ ሁሉ በእልልታ ሲያቀልጠው፣ እሳቸው አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። በእሳቸው ፈንታ ኤሌኒ እልል አለች።