እጅ የማያርፍባት መኪና

ትከሻዬ ከሞተ ቆይቷል። መጀመሪያ ቀኙ ሄደ፤ ግራው ደግሞ ብቻዬን አልቀርም ብሎ ተከተለው። ዕድሜውን ሙሉ የፖሊሽ ማሽን ይዞ ሲንዘፈዘፍ የሚውል ሰው ማታ ማንኪያ ሲያነሳም ይንዘፈዘፋል። ሾርባውን ደረቴ ላይ ሳፈሰው ሚስቴ፣ "ኤስቶንግ፣ ማሽኑን አጥፋው እንጂ" ትለኛለች። ድሮ እስቅ ነበር። አሁን መሳቁም ይደክመኛል።

የማብለጨልጨው የአሊንግ ኮንራዳን የሬሳ መኪና ነው፤ አሊንግ እንደ እትዬ ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማችን አስከሬን የሚገንዙትም፣ ሣጥን የሚሸጡትም፣ መኪና የሚያከራዩትም እሳቸው ናቸው። መኪናዋ ጥቁር ናት፣ ረጅም፣ ከመጀመሪያዋ ልጄ በዕድሜ የምትበልጥ። ጥቁር ቀለም እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ ያየውን ሁሉ ያወራል። ነጭ መኪና ላይ ተጎንብሰህ የማታገኘው ጭረት ጥቁር ላይ ከመንገድ ማዶ ይጠራሃል። እኔን ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲጠራኝ ኖሯል።

በእኛ ዘንድ ሬሳ ሲሸኝ መኪናዋ በሰው እርምጃ ታዘግማለች፣ ሕዝቡ በእግሩ ይከተላል። የሟች የቅርብ ሰው ከሆንክ መከተል ብቻ አይበቃም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ መቃብሩ በር እጅህን መኪናዋ ላይ አሳርፈህ ነው የምትሄደው። ሟቹን ይዘኸዋል ማለት ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፣ እንዲሁ ስናይ ያደግነው ነው። እኔ ግን ያንን እጅ እጠላው ነበር። እጅ ሲባል ባዶ እጅ እንዳይመስልህ። ቀለበት አለው፣ አምባር አለው፣ መቁጠሪያ ተጠምጥሞበታል፣ ጃንጥላ ይዟል። ላቡ ካቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የሻማ ሰም ይንጠባጠባል። የቄሱ ጸበል እንኳ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ክብ ክብ ነጭ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ እሱን ስፈትግ ያልኩትን ሁሉ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰዎቹ አልቅሰው ይወጣላቸዋል፤ በማግስቱ ልቅሷቸውን ከመኪናዋ ላይ የምጠርገው እኔ ነኝ።

ደግሞ ሰው የማይገባው ነገር አለ። ማብለጭለጭ መቀነስ ነው። ጭረት አይሞላም፤ ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያው ይፈተጋል እንጂ። ከጥቁሩ ቀለም በላይ ጥርት ያለ ቫርኒሽ አለ፤ ፊትህን እንደ ጉድጓድ ውሃ አርቆ የሚያሳይህ እሱ ነው። ማሽኔ በነካው ቁጥር ትንሽ ይዞ ይሄዳል፣ ያም ተመልሶ አይበቅልም። ባለፈው የዝናብ ወራት የጣሪያዋን ጠርዝ ስሠራ የማሽኑ ስፖንጅ ላይ ጥቁር ነገር አየሁና ማሽኑን ጣልኩት። ቫርኒሹ አልቆ ቀለሙን ራሱን እየበላሁ ነበር። ጎኖቿን በመብራት እያየሁ መረመርኳቸው፤ አንዴ ቢፈተጉ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይችሉም።

ስለዚህ መከላከያ ሽፋን እንግዛ ብዬ አሊንግ ኮንራዳን የወተወትኳቸው እኔ ነኝ። በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ ፈሳሽ ነው። በስሱ ይቀባል፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠነክራል፣ ጭረቱንም ጸበሉንም ለዓመታት ይችላል። እሳቸው ለጣሪያቸው ቆርቆሮ ያስቀመጡትን ገንዘብ አውጥተው ከማኒላ አስመጡት። አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ አለው። እስኪጠነክር ድረስ ሳምንት ሙሉ እጅ እንዲነካው አይፈልግም። ሳይጠና ላብ ካረፈበት ምልክቱን ውጦ አብሮት ይደርቃል፤ ያኔ የሚያወጣው ያው ማሽኑ ነው።

አሊንግ ኮንራዳ በዚያ ሳምንት ሰው ቢሞትስ ብለው ጠየቁኝ። ቀጠሮ ያስይዛል አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሰኞ ጠዋት ቀብቼ ጨረስኩ። ሰኞ ማታ ወንድሜ ክሪሳንቶ ጀልባው ላይ መረቡን እንደያዘ ልቡ ቆመ።

ሳንቶ ታላቄ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እናታችንን ዓሣ እያጠመደ ያኖራት እሱ ነበር። እኔ በየበዓሉ ብስኩት ይዤ ብቅ የምል ልጅ ነኝ። እናታችንን ኢናይ ነው የምንላት፤ ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፣ ዓይኗም ከጥላ በቀር የሚለየው የለም። ሳንቶን የምታውቀው በእጇ ነበር። ከሐይቁ ሲመለስ ፊቱን፣ ትከሻውን ትዳብስና በዚያው ዓሣ መያዝ አለመያዙን ትናገራለች፣ አትሳሳትም ይላሉ።

የሳንቶ ልጅ መርከበኛ ነው። ከሲንጋፖር ደርሶ ቅዳሜ ወደ መርከቡ መመለስ ነበረበት፤ ስለዚህ ቀብሩ ዓርብ ሆነ። የጎረቤት ከተማዋ ነጭ መኪና ዓርብ ተይዛለች ተባለ። ያለችው የኛዋ ጥቁር ናት፣ ሳምንቷም አልሞላም። አሊንግ ኮንራዳ ጋራዡ በር ላይ ቆመው፣ "ወንድምህ ነው፣ አልከለክልህም። አይንኳት ያልከውም አንተ ነህ፣ ይንኳት ብትልም አንተው ነህ። ሁለተኛ ጠርሙስ ግን አልገዛም" አሉኝ።

መኪናዋን አየኋት። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። የጣሪያው ማገር፣ አምፖሉ፣ የኔው የደከመ ፊት፣ ሁሉም ወደ ውስጥ ርቆ ይታያል። እነዚያን ጎኖች እንደገና ስፈትግ ታየኝ፤ ቫርኒሹ ሲያልቅ፣ ስፖንጁ ሲጠቁር፣ ትከሻዬ እስኪገነጠል። ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ ግን ድካሙ ከሐዘኑ በለጠብኝ። ትወጣለች፣ ማንም ግን አይነካትም አልኩ።

ልቅሶ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ሣጥኑ ክዳኑ ተከፍቶ ሳሎን ተቀምጧል፣ ደጅ ድንኳኑ ሥር ሰው ካርታ ይጫወታል፣ ብስኩት ይዞራል። የሳንቶ ሚስት ሎርና ቀና ብላ አየችኝና ባሌን እንደ ሌባ ከሩቅ ነው የምሸኘው ወይ አለች። ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ፣ "ኤስቶንግ፣ ማልቀስስ ይፈቀዳል? እንባም እኮ ጨው አለው" አለና ድንኳኑ ሁሉ አጉረመረመ። ንዴቴ መጣ። ስለ ቫርኒሹ፣ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ አሊንግ ኮንራዳ ቆርቆሮ አንድ በአንድ አስረዳሁ። እውነቴን ነበር። እውነት ይዞ የሚጮህ ሰው ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያን ቀን አወቅኩ።

ኢናይ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ እጇን የልጇ ግንባር ላይ አድርጋ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ተናግሬ ስጨርስ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች።

"ምን ያህል ልራቅ?" አለችኝ።

አልገባኝም። እጇን አነሳች፣ መኪናዋ እፊቷ እንዳለች ሁሉ።

"እጄን ነው የምልህ፣ ልጄ። እንዳላበላሽብህ፣ ምን ያህል ላርቀው?"

መዳፏን ይዤ ጣቶቿን ዘረጋሁና አንድ ስንዝር ይበቃል አልኳት። ስንዝሩን በሌላ እጇ ዳበሰችው፣ ለካችው፣ እሺ አለች።

ዓርብ ፀሐይዋ አልማረችንም። ከቅዳሴ በኋላ ሣጥኑ ገባ፣ ሹፌሩ ሜኖንግ ሞተሩን አስነሳ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እኔ ኪሴ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ሸጉጬ ከኋላዋ ተሰለፍኩ። እንደ ሐዘንተኛ አልነበረም አሰላለፌ፤ እንደ ዘበኛ ነበር። ልጆቹን በዓይኔ እመልሳለሁ። የመርከበኛው የእጅ ሰዓት ሲጠጋ እቆጣለሁ። ሎርና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትሄዳለች፣ እኔን ላለማየት።

ኢናይ በስተግራ፣ ከኋላው ጎማ አጠገብ ነበረች። የሎርና ሴት ልጅ ጃንጥላ ይዛላታለች። ኢናይ ቀኝ እጇን ወደ መኪናዋ ዘርግታለች፤ መዳፏ ተከፍቷል፣ መኪናዋን ግን አልነካም። አንድ ስንዝር። ሜኖንግ ፍሬን ሲይዝ ትቆማለች፣ ሲነዳ ትሄዳለች፣ እጇ ከዚያች ልክ አይወጣም። ባታይም የብረቱ ሙቀት ይመራት ነበር መሰለኝ። ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ሌላ የአሮጊት እጅ እጇን ሊቀበል ተዘርግቶ ይታያል፤ እሷ አታየውም።

መጀመሪያ ጎሽ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌሎቹም ከእናቴ ይማሩ አልኩ።

ገበያውን አለፍን። ዓሣ ሻጮቹ ሚዛናቸውን ትተው ቆመው ነበር፣ ሳንቶን የማያውቅ የለም። አንዷ እናቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ አንገቷን አቀረቀረች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ የኢናይ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የክንድ ድካም አውቃለሁ፣ ከማንም በላይ አውቃለሁ። መጀመሪያ ክርንህ ይግላል፣ ቀጥሎ ጣቶችህ የሌላ ሰው ይሆናሉ። እጇ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደና የመሐል ጣቷ ጫፍ ቀለሙን ሊነካ የጸጉር ያህል ሲቀረው እሳት እንደነካው ሰው መንጭቃ መለሰችው።

"አልነካሁም" አለች። ለማንም አልነበረም። ፊቷ ወደ መኪናዋ ነበር፣ ወደ ሳንቶ። "አልነካሁም፣ ልጄ።" እጇንም መልሳ ዘረጋች።

እዚያ ላይ አንድ ነገሬ ተበጠሰ። ሰው ገፍቼ አጠገቧ ደረስኩና እጇን ያዝኩ።

"ኢናይ፣ ንኪው" አልኳት።

"ስንዝር ብለሃል እኮ።"

"ተሳስቼ ነው። ንኪው።"

አላመነችኝም። ልጇን እንዳታስከፋ ትፈራ ነበር፣ የቱን ልጇን እንደሆነ እንጃ። መዳፏን በመዳፌ ሸፍኜ እኔው አስጠጋሁት፣ ጥቁሩ ላይ አሳረፍኩት። ብረቱ ፀሐይ ውጦ እንደ ምጣድ ግሏል። ያቃጥልሻል፣ ቆይ ጨርቁን ላድርግልሽ ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ በሌላ እጇ ያዘችኝ።

"ተው" አለችኝ። "አራት ቀን ሙሉ ግንባሩን ስዳብስ ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ሞቀ።"

ጨርቁን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ከኋላዬ የሎርና እጅ መጣ፣ የመርከበኛው ከነሰዓቱ መጣ፣ የልጆቹ መጣ፣ የማላውቃቸው ዓሣ አጥማጆች እጅም መጣ። ሜኖንግ በመስታወቱ ሲያየኝ ንዳ አልኩት። ግራ እጄ የኢናይ እጅ ላይ ነበር፤ ቀኙን ጣሪያዋ ላይ አደረግኩት። ስንቱን ቀብር አብለጭልጬ ስሸኝ ባዶ እጄን ያሳረፍኩባት ያን ቀን ነው። ወንድሜ ነበር። እስከ መቃብሩ በር አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ።

ከቀብር ሰው በቀጥታ ቤቱ አይገባም፣ ሙት እንዳይከተለው ሌላ ቦታ አረፍ ይላል። ሁላችንም ዳቦ ቤቱ ገባን። ኢናይ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ገልብጣ በግራዋ በላች። መዳፏ ቀልቷል። ቅባት እንቀባሽ ብንላት አልፈለገችም።

እሑድ ጠዋት ጋራዡን ከፈትኩ። መኪናዋን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኳት፣ በእርጥብ ጨርቅ አበስኳት። ሽፋኑ ከገመትኩት በላይ ጠንክሮ ስለነበር ብዙዎቹ እጆች ለቀቁ፣ የኔም ለቀቀ። አንዱ አልለቀቀም። በስተግራ፣ ከኋላው ጎማ በላይ፣ አምስቱም ጣት ከነመዳፉ፣ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ እንደ ጎበጠች። የኔ መዳፍ ከላይ ሆኖ ከሁሉም አስጨንቆ የያዘው እሱን ነበር። አምፖሉን አስጠግቼ አየሁት። ቫርኒሹ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ፍተጋ ይችላል። ለስላሳውን ስፖንጅ ብጠቀም፣ ማሽኑን ዝግ አድርጌ ባዞረው፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ የነበረ አይመስልም። ስፖንጁን ገጠምኩት፣ ሶኬቱን ሰካሁ።

አሊንግ ኮንራዳ ያን ጊዜ ገቡ። መኪናዋን ዞሩና እጁ ጋ ቆሙ። ዓርብ ሰልፉ ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ የማን እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ከዚያ ጣሪያቸውን የሚያስቡ ይመስል ቀና አሉ። ማክሰኞ ሌላ ቀብር እንዳለ፣ ከላይ ሰፈር ያሉ ባለጸጎች እንደሆኑ ነገሩኝ።

"ይሄ ይወጣል?" አሉኝ።

ማሽኑ እጄ ላይ ነበር።

"አይወጣም" አልኳቸው።